ሁለተኛው ጽላት
አሮጌ ኮምፒውተርን ስለ ማደስና ዲስኩን ስለ መተካት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ሙሴ ከተራራው ሲወርድ ሕዝቡ በወርቅ ጥጃ ፊት ሲዘፍን ቢያይ ሁለቱን ጽላት ከእጁ ጥሎ ሰበራቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቶሎ ብለን የምናልፈው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የፊተኞቹ ጽላት ድንጋያቸውም ጭምር የእግዚአብሔር ሥራ ነበር። ለሁለተኞቹ ግን ድንጋዩን እንዲጠርብ የታዘዘው ሙሴ ራሱ ነው። በትእዛዙ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የሚጠረቡት ድንጋዮች የፊተኞቹን እንዲመስሉ ነው። ሁለተኛው፣ የሚጻፍባቸው በፊተኞቹ ላይ የነበረው ያው ቃል መሆኑ ነው። መጥረቡ ለሰው ተተወ፤ ቃሉ ግን አልተነካም።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ከጽላቱ ታሪክ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ዲስኩ የሞተበትን ማሽን ለማዳን የተቀመጠ ሰው እነዚያኑ ሁለት ትእዛዞች ይቀበላል፦ አዲሱን ማኖሪያ አሮጌውን እንዲመስል አድርጎ ማዘጋጀት፣ በላዩም ያንኑ ቃል ማኖር። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሥራው ተቃለለለት። ሁለቱን ያደባለቀ ግን ማሽኑን አስነስቶ መዝገቡን ያጠፋል።

ምሳሌ የምናደርገው አንድ ማሽን ነው። በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ቆዳው በላላ ከበሮና በተጠቀለለ ምንጣፍ መካከል ለዓመታት የተቀመጠ ባለ 386 ኮምፒውተር ነው፤ ከአሜሪካ በስጦታ የመጣ። በጊዜው የነበረ አንድ ዲያቆን የክርስትና መዝገቡንና የአባላቱን ወርኃዊ መዋጮ በአማርኛ ጽፎበት ነበር። ዲያቆኑ ከሀገር ወጣ። የወረቀቱን መዝገብ ጣራው ባፈሰሰበት ክረምት ውሃ በላው። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸው የክርስትና ወረቀት አስፈልጓቸው መጡ። ጸሐፊው ግራ ቢገባው ወደ ዕቃ ቤቱ እያመለከተ «እማማ፣ ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ነው» አላቸው። ማሽኑ ወደ እኔ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የቃላት ፍቺ

ሦስት ቃላትን አስቀድመን እንለይ፦ ማደስ፣ መተካት፣ መገልበጥ።

ማደስ አንድን ነገር ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ነው። የሣር ቤት ሲታደስ ክዳኑ ይለወጣል፣ ግድግዳው እንደገና ይመረጋል፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። መተካት ያለቀውን አውጥቶ በቦታው ሥራውን የሚሠራ ሌላ ማግባት ነው። መገልበጥ ደግሞ ቃልን ካለበት ማኖሪያ ወደ ሌላ ማሻገር ነው። የብራና ጸሐፊ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ቆዳውን ፍቆ፣ ወጥሮ፣ አስምሮ ያዘጋጃል፤ ከዚያ አሮጌውን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ ይጽፋል፤ ሲጨርስም ሁለቱ ይመሳከራሉ። እንግዲህ ማሽን ይታደሳል፣ ዲስክ ይተካል፣ መዝገብ ይገለበጣል። ሦስቱ ሦስት ሥራዎች ናቸው፤ የሚሠሩበት ቅደም ተከተልም ኋላ እንደምናየው የራሱ ምክንያት አለው።

ዲስኩስ ምንድን ነው? ሃርድ ዲስክ ማግኔት በሚይዝ ስስ ንጣፍ የተለበጠ፣ ሳያቋርጥ የሚሽከረከር ሳህን ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1956 በአይቢኤም የወጣው ራማክ ነው። እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፣ ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነበር፣ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ሆሄያት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ያንኑ ያህል የሚይዝ፣ በሁለት እጅ የሚነሳ ዲስክ ወጣ። በ1983 የአይቢኤም ኤክስቲ ኮምፒውተር 10 ሜጋ ባይት ዲስክ በሆዱ ይዞ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ከዲስኩ ጋር አንድ የሆነበት አይዲኢ የሚባለው ሥርዓት ተጀመረ። የእኛ ማሽን ዲስክ አይዲኢ ነው፤ 40 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል።

ቃሉ በሳህኑ ላይ የሚቀመጥበትን ሥርዓት ለመረዳት ክብ ቤተ ክርስቲያን አስቡ። ከውጭ ቅኔ ማሕሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመሐል መቅደስ፤ አንዱ ክበብ በሌላው ውስጥ ነው። ዲስኩም እንዲሁ በመቶ የሚቆጠሩ ክበቦች አሉት። በተደራረቡት ሳህኖች ላይ አንድ ዓይነት ርቀት ላይ ያሉት ክበቦች በአንድነት ሲሊንደር ይባላሉ። እያንዳንዱን የሳህን ገጽ የሚያነብ ራስ አለ፤ እርሱ ሄድ ይባላል። ክበቡ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ በቁራሽ ይከፈላል፤ ቁራሹ ሴክተር ነው፣ 512 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የአንድ ዲስክ መልክ በሦስት ቁጥሮች ይነገራል፦ ሲሊንደር፣ ሄድ፣ ሴክተር። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በልባችሁ ያዙ፤ ኋላ «የፊተኞቹን የሚመስል» ማለት ምን እንደሆነ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።

አንደኛ፦ ሳይሰኩ መመርመር

አሮጌ ማሽን ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሶኬት ነው። «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

ከማሽኑ ጀርባ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ አንዲት ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላ በኩል 230 ይላል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ማንሸራተቻዋ 115 ላይ ስትሆን ፓወር ሰፕላዩ የሚገባውን ኃይል እጥፍ አድርጎ እንዲይዝ ታደርገዋለች። እንደዚያ ሆና በእኛ ሶኬት ብትሰካ፣ 310 ቮልት ገደማ ሊሸከሙ የተሠሩት ካፓሲተሮች ወደ 620 ቮልት ይወርድባቸዋል። የሚከተለው ፍንዳታ ነው። የእኛ ማሽን ማንሸራተቻ 115 ላይ ነበረች። በጊዜው የነበሩት ሰዎች በትራንስፎርመር ይጠቀሙ ነበር፤ ትራንስፎርመሩ ሲጠፋ ማንሸራተቻዋ እንደነበረች ቀረች። የሠላሳ ዓመት መዝገብ በአንዲት ጥፍር በምትገፋ ፕላስቲክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ካቻቢቴ አንሥታችሁ ክዳኑን ክፈቱ። ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደች፣ ትንሽ በርሜል የምትመስል ባትሪ አለች። 3.6 ቮልት ኒኬል ካድሚየም ናት። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱንና የዲስኩን መልክ የምታስታውሰው እርሷ ናት። ስታረጅ ግን ታፈሳለች። የምታፈሰው አልካላይ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል፤ የበላውም ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በፒንሳ ቆርጣችሁ አውጧት። አልካላይን የሚያበርደው አሲድ ነውና በጥጥ ነጭ ኮምጣጤ ነክራችሁ ቦታውን አብሱ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፣ ከዚያ በዲስቲልድ ውሃ አጥባችሁ በአልኮል ጨርሱ። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ሲደርቅ ቴስተር ይዛችሁ አረንጓዴ የነበሩትን መስመሮች አንድ በአንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሹ፤ ድምፅ የማይሰጠው ተበልቷል፣ በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።

ፓወር ሰፕላዩ ሦስተኛው ነው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት በብዙዎቹ ውስጥ፣ መብራቱ በሚገባበት በኩል፣ ቢጫ ብርጭቆ የሚመስል ፕላስቲክ የለበሱ የወረቀት ካፓሲተሮች አሉ። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ከዚያ በተሰካ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጨስ ይችላል። ስንጥቅ ካያችሁ ሳትሰኩ አስለውጡ። በዚህ ሳጥን ውስጥ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚቆይ ኃይል አለና ልምድ የሌለው አይክፈተው፤ ለሞያተኛ ይስጥ። የመስታወት ሞኒተር ደግሞ ከዚህም የበረታ ኃይል ስለሚይዝ አይነካ።

ፓወር ሰፕላዩን ስትለኩ ያለ ጭነት አትለኩ፤ የዚያ ዘመኑ ያለ ጭነት በትክክል አይሠራም። የማትሳሱለት አሮጌ ዲስክ አስሩበት። ባለ 5 ቮልቱ መስመር ከ4.75 እስከ 5.25 ከሆነ ደህና ነው። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት መሰኪያዎች ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው፤ ተሳስቶ መሰካት ይቻላል፣ የተሳሳተም ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ሕጉ አጭር ነው፦ ጥቁሮቹ ገመዶች መሐል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ።

ሁለተኛ፦ የፊተኛውን ጽላት ማንበብ

አሁን ዲስኩ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ከሁሉ ይበልጣል፦ የሚመለሰውን ሥራ አስቀድሙ፣ የማይመለሰውን መጨረሻ አድርጉ። ማንበብ ይመለሳል፤ መጻፍ አይመለስም።

ባትሪዋ ስለሞተች ማሽኑ የዲስኩን መልክ ረስቷል። ስትከፍቱት ዲስክ እንደሌለው ይናገራል። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም፣ በባዮስ ሰንጠረዥ ውስጥ የዲስክ ዓይነቶች በቁጥር ተዘርዝረዋል። ለምሳሌ ዓይነት 17 ማለት 977 ሲሊንደር፣ 5 ሄድ፣ 17 ሴክተር ማለት ነው። ሦስቱን እርስ በርስ አባዝታችሁ በ512 ብታበዙ 42,519,040 ባይት ይመጣል፤ ባለ 40 የሚባለው ዲስክ ይህ ነው። ቁጥሩን በግምት ሰጥታችሁ ብትሳሳቱ ማሽኑ ዲስኩን በተሳሳተ ካርታ ያነበዋል፤ ክበቡን ስቶ፣ ቁራሹን አምታቶ፣ «ይህ ዲስክ አልተዘጋጀም፣ ላዘጋጀው?» የሚል ጥያቄ ሊያመጣ ይችላል። መዝገብ የሚጠፋው በዲስክ ሞት ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጥያቄ በሚሰጥ «አዎ» ጭምር ነው። ስለዚህ በዲስኩ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ አንሡ፣ በማሽኑ ክዳን ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አንብቡ። እኛ ያገኘነው ከክዳኑ ውስጥ ነው፤ ያ ዲያቆን በእርሳስ «17» ብሎ ጽፎ ተወው። አንዲት የእርሳስ ቁጥር ናት፣ ግን የሚመጣውን ሰው ያሰበ እጅ የጻፋት ናት።

ዲስኩ ኃይል አግኝቶ ዝም ቢል ራሱ ከሳህኑ ጋር ተጣብቆ ይሆናል። ሲሠራ ራሱ በሳህኑ ላይ በአየር ተንሳፎ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ይሄዳል፤ ሳህኑም በደቂቃ 3,600 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሲቆም ግን ራሱ በሳህኑ ላይ ያርፋል፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ይጣበቃል። ዲስኩን በመዳፍ ይዞ፣ እንደ ቁልፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈጠን አድርጎ ማዞር አንዳንዴ ያላቅቀዋል። መምታትና ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ግን ይቅር፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ዲስክ ጠል ይይዛል። ሽፋኑንም አትክፈቱ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለዚያ ራስ እንቅፋት ናት።

ከተነሣ አትዘናጉ፤ ሁለተኛ ላይነሣ ይችላል። አይዲኢ መሰኪያ በማዘርቦርዱ ላይ ወዳለው፣ ሊኑክስ ወደሚሠራ የ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር አዛውሩት። በዩኤስቢ የሚሰኩት ርካሽ ማገናኛዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያረጀ ዲስክ አያውቁም። ዲዲሬስኪዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው፦ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የተጎዳውን ቦታ በመዝገብ ይዞ ያልፋል፣ በመጨረሻ ተመልሶ ወደ አስቸጋሪው ይገባል። ሕጋችንን ራሱ ይጠብቃል ማለት ነው። ውጤቱ የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ፣ ቁራሽ በቁራሽ፣ በአንድ ፋይል ነው። ከእኛ ዲስክ ከጥቂት ቁራሾች በቀር ሁሉም ወጣ፤ ዲስኩ በሦስተኛው ቀን ዝም አለ፣ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

እዚህ ላይ የነቢዩ ኤርምያስን ጸሐፊ ባሮክን እናስታውስ። ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው። ባሮክ ግን ሌላ ጥቅልል ተቀብሎ የተቃጠለውን ቃል ሁሉ እንደገና ጻፈ። እንዴት ቻለ? ኤርምያስ በሕይወት ስለነበረ ነው፤ ቃሉ ከአፉ ወጣ። ዲስክ ግን አፍ የለውም። ሳይገለበጥ የሞተ ዲስክ ባሮክ የሚያዳምጠው ሰው የሌለበት ጥቅልል ነው።

ሦስተኛ፦ ሁለተኛውን ጽላት መፈለግ

ግልባጩ በእጃችን ከገባ በኋላ ነው ምትክ የምንፈልገው። ብዙ ሰው ከዚህ ይጀምራል፤ ስህተቱም እዚያ ነው።

ምትክ ስንት ዓይነት ነው? አንድም፣ ያንኑ የመሰለ አሮጌ ዲስክ ነው። መልኩ ልክ ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ ዕድሜው ግን የሞተው ዲስክ ዕድሜ ነው። አሮጌን በአሮጌ መደገፍ ጊዜ ይገዛል እንጂ አያሳርፍም። አንድም፣ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ በአሮጌ የፎቶ ካሜራዎች ውስጥ የነበረው ጠፍጣፋ ካርድ ነው። ጠባዩ ለእኛ የተመቸ ነው፤ ሲሠራ የአይዲኢን ቋንቋ ራሱ እንዲናገር ተደርጓል። ስለዚህ በመሐል ያለው ማገናኛ ተርጓሚ አያስፈልገውም፣ ሽቦን ከሽቦ ከማገናኘት የተለየ ብዙ ሥራ የለውም። አንድም፣ በስልክ ውስጥ የሚገባው የኤስዲ ካርድ ነው። እርሱ የአይዲኢን ቋንቋ ስለማያውቅ በማገናኛው ላይ ተርጓሚ ቺፕ ያስፈልገዋል፤ ይሠራል፣ አንዳንዴ ግን ተርጓሚው ከአሮጌ ማሽን ጋር አይግባባም።

ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ ምትኩ የፊተኛውን ቋንቋ ይናገር። የድሮ ማኪንቶሽ ስከዚ የሚባለውን ይናገራል፤ ለእርሱ ብሉስከዚና ስከዚ ቱ ኤስዲ የሚባሉ ሰሌዳዎች ተሠርተዋል። ከአይዲኢ በፊት ለነበረው ለኤክስቲ ደግሞ ኤክስቲ አይዲኢ የሚባል ካርድ አለ። ማሽኑን ሳያውቅ ዲስክ የሚገዛ ሰው ድንጋዩን ሳይለካ ታቦት እንደሚያሠራ ነው።

መጠንስ? እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። ትልቅ ይሻላል ብለው 64 ጊጋ ባይት ካርድ ይገዛሉ። የዚያ ዘመን ባዮስ ግን የሚቆጥርበት ወሰን አለው፦ ከ1,024 ሲሊንደር፣ ከ16 ሄድ፣ ከ63 ሴክተር አያልፍም። ብታባዙት 528,482,304 ባይት፣ በኮምፒውተር ቆጠራ 504 ሜጋ ባይት ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን ማሽኑ አያየውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ግራ ተጋብቶ ጭራሽ አይነሣም። የማሽኑ ሥርዓተ ክወና ዶስም የራሱ ወሰን አለው፤ ከ4.0 በፊት የነበሩት አብዛኞቹ እትሞች አንድን ክፍል ከ32 ሜጋ ባይት በላይ አያደርጉም፣ የኋለኞቹም ከ2 ጊጋ ባይት አያልፉም። ስለዚህ ለ386 ትንሽ ካርድ ፈልጉ፤ 128 ወይም 256 ሜጋ ባይት ይበቃል። አሮጌ ካሜራ ያለው ዘመድ ጠይቁ፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አይጠፋም። እኛ ያገኘነው አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ መሣሪያ ቀይሮ ከተዋቸው ነው፤ 128 ሜጋ ባይት፣ የሦስት እጥፍ ቦታ።

አራተኛ፦ ቃሉን ማኖርና ማመሳከር

ካርዱን ማገናኛው ላይ ሰክታችሁ፣ ጃምፐሩን ማስተር ላይ አድርጋችሁ፣ በአሮጌው ዲስክ ኬብል ላይ ለብቻው እሰሩት። የዚያ ዘመን ዲስኮች ከባዕድ ጋር በአንድ ኬብል መታሰር አይወዱም። የኬብሉ ቀይ ጠርዝ ወደ ፒን 1 ይሁን።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በካርዱ ላይ እንዳለ ማስፈርና በባዮስ ውስጥ ያንኑ ዓይነት 17 መስጠት ነው። ካርዱ ያን መልክ ከተቀበለ ማሽኑ ዲስኩ መለወጡን እንኳ አያውቅም፤ ሲዘጋ የነበረበት ስፍራ ላይ ይነሣል። የፊተኛውን መምሰል ማለት ይህ ነው። ካልተቀበለ ሁለተኛው መንገድ አለ፦ ብዙ ባዮሶች ዓይነት 47 ብለው ለተጠቃሚው በተዉት ቦታ የካርዱን የራሱን ሦስት ቁጥሮች ጻፉ፤ በዶስ ፍሎፒ አስነሡ፤ ኤፍዲስክ በሚባለው የዶስ ፕሮግራም አንድ ክፍል ፍጠሩ፣ ክፍሉም ንቁ መሆኑን አረጋግጡ፤ ፎርማት አድርጋችሁ የዶስን መነሻ ፋይሎች አስገቡ፤ በመጨረሻ መዝገቦቹን ከግልባጩ አውጥታችሁ መልሱ። አሁን «አዎ» ማለት ይፈቀዳል፤ የምትጽፉት በአዲሱ ድንጋይ ላይ ነውና።

ከዚያ ማመሳከር ይመጣል። ሁለት ግልባጮች አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ቁጥር ከእያንዳንዱ ፋይል ይሰላል፤ አንድ ሆሄ እንኳ ቢለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ከግልባጩ የወጣውንና በካርዱ ላይ የሰፈረውን እንዲህ አስተያዩ። ተመሳክሮ ያላለቀ ብራና ገና መጽሐፍ አልሆነም።

ለእኛ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፋይሉ ከዳነ በኋላ በአዲስ ኮምፒውተር ብትከፍቱት የምታዩት አማርኛ አይደለም፤ የተበታተነ የላቲን ሆሄና ምልክት ነው። ለምን? በዚያ ዘመን ሆሄያት የሚቀመጡበት ቦታ 256 ብቻ ነበር፣ ግማሹ ደግሞ አስቀድሞ በእንግሊዝኛው ተይዟል። የእኛ ፊደል 33 ሲባዛ በ7 ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠራው ሁሉ ፊደሉን በራሱ ብልሃት አስቀመጠው፤ የአንዱን ሌላው አያነበውም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ብዙ መዝገብ የሚናገረው በተጻፈበት ፕሮግራም አፍ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙም የሚነሣው በማሽኑ ላይ ነው። ዲስኩን ማዳን ያለ ማሽኑ ጎደሎ የሚሆንብን ለዚህ ነው።

ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለአንዲት የክርስትና ወረቀት ይህ ሁሉ ድካም ተገቢ ነው?
መልስ፦ አበው አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይላሉ። አደራ በመጠኑ አይለካም። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ አላጎደለም፣ አልሰረቀም፤ የተፈረደበት የተሰጠውን ከሥራ ስላወጣው ነው። ዕቃ ቤት የተዘጋበት መዝገብ የተቀበረ መክሊት ነው።

ጥያቄ፦ ግልባጩን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አሮጌ ማሽን መስሎ በሚሠራ ፕሮግራም ማስነሣት አይቻልም?
መልስ፦ ይቻላል፤ መደረግም አለበት። ነገር ግን የተመሰለው በትክክል መመሰሉን የምናውቀው ከዋናው ጋር ስናስተያየው ነው። ዋናው ማሽን ምስክር ነው፤ ምስክር በሕይወት ሳለ ቃሉን ተቀበሉ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ካርድ ለዘለዓለም ይኖራል?
መልስ፦ አይኖርም። ፍላሽ የሚጻፍበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ዶስ ጥቂት ስለሚጽፍ ብዙ ያገለግላል እንጂ እርሱም አላቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተው የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ተቀመጠ። ብራናው ጸንቶ ሳለ ፊልም ለምን አስፈለገ? የሚጸና ማኖሪያ ስለሌለ ነው። ቃል የሚኖረው ከማኖሪያ ወደ ማኖሪያ ሲሻገር ነው። ስለዚህ ግልባጩን በሦስት ቦታ አኑሩ፤ በደብሩ፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ ከተማ።

ማጠቃለያ

ትምህርታችንን እንሰብስብ። ሳይመረመር አይሰካም። ሳይነበብ አይጻፍም። ሳይገለበጥ አይተካም። ምትኩ የፊተኛውን ይምሰል፤ ቃሉ ያው ይሁን፤ ሁለቱም ይመሳከሩ።

የእኛ ማሽን በመጨረሻ ተነሣ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሲ ምልክት መጣ፣ የዲያቆኑ ፕሮግራም ተከፈተ፣ የክርስትና መዝገቡ በአማርኛ ተዘረጋ። የእናቲቱ ልጅ ስም ከነክርስትና አባቱ እዚያው ነበር። ጸሐፊው በእጁ ገልብጦ፣ አናብቦ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጣቸው።

የሞተውን ዲስክ ምን እናድርገው? በአይሁድ ሊቃውንት ትውፊት የፊተኞቹ ጽላት ስብርባሪ አልተጣለም፤ ከሁለተኞቹ ጋር በአንድ ታቦት ውስጥ ተቀመጠ ይላሉ። እኛም ዲስኩን ጸረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገን በማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ ከአዲሱ ካርድ ጎን አሰርነው። በላዩ ወረቀት ለጠፍንበት፤ የወጣበትን ቀን፣ ያልተነበቡትን ቁራሾች ብዛት፣ ግልባጮቹ የተቀመጡባቸውን ሦስት ቦታዎች ጻፍን። ከሥሩም ዲያቆኑ እንዳደረገው በእርሳስ አንድ ቁጥር ጨመርን፦ 17።